የፈረስ አገርና የእናት ወገብ

ጥር 23 ቀን በመጣ ቁጥር እንጅባራ በፈረስ ኮቴ ትናወጣለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን በጌጥ አልብሰው ሲጋልቡ ያየ ሁሉ፣ የአዊ ሕዝብ ለፈረስ ያለውን ክብር ይረዳል። ከእንጅባራና ከዳንግላ ወጣ ባሉት መንደሮች ግን በዚያው ዕለት ከምንጭ ወደ ደጅ የሚጓዘው ውሃ በአብዛኛው በሴት ጀርባ ላይ ነው። ከነዚያም ሴቶች መካከል ከወለደች ገና ሁለት ወር ያልሞላት አትጠፋም።

የአራስ ቤት ልማድ ጥበብ አለው። ገንፎው በቅቤ ይቀርባል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ወገብ በመቀነት ይታሰራል። ጉድለቱ የሚታየው ዕረፍቱ ሲያበቃ ነው። ትናንት መደብ ላይ የነበረች እናት ዛሬ 20 ሊትር ውሃ ታነሣለች። ወገቧና ዳሌዋ ሲቆረጥማት «ብርድ ነው» ብላ ትታገሣለች።

ነገሩ ግን ብርድ አይደለም። በእርግዝና ወራት ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን የዳሌን መገጣጠሚያዎች ያላላል፤ የሆድ ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ይራራቃሉ፤ ማሕፀንንና ፊኛን ከሥር ደግፎ የያዘው ጡንቻም ይለጠጣል። ያልጠነከረ ገላ ሸክም ሲጫንበት ጉዳቱ ይሰፋል። ከጎንደር በስተ ሰሜን በዳባት ወረዳ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለረጅም ሰዓት ከባድ ነገር መሸከምን ከማሕፀን መውረድ ጋር አያይዞታል።

አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው እንቅስቃሴ ዛሬ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በአራስ መደብ ላይ ሊሠራ ይችላል። እናቲቱ በጀርባዋ ተጋድማ ጉልበቶቿን ታጥፋለች። ትንፋሿን እያስወጣች፣ ሽንቱን እንደሚይዝ ሰው፣ የታችኛውን ጡንቻ ወደ ላይ ትስባለች፤ እስከ አምስት ቆጥራ ትለቃለች፤ ያንኑ ያህል ታርፋለች። ይህን አሥር ጊዜ፣ በቀንም ሦስቴ ትደጋግመዋለች። ሽንት እየሸኑ ግን አይሠራም። ቀጥሎ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ወገቧን ከመደቡ ጋር ታጣብቃለች። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሐኪሟን ትጠይቅ። ትኩሳት ያላት፣ ደም የበዛባት፣ እግሯ የደነዘዘ ወይም ሽንቷ ሳታስበው የሚያመልጣት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው፤ ቃሉ ግን ከባድ ሆኗል። የገላውን ስም መጥራት ነውር በሆነበት ቤት ሽንት የሚያመልጣት ሴት ቡና መጣጣትን ትታ ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንኳ አትናገርም።

ሸክሙንስ ማን ያንሣ ቢባል፣ የበዓል ፈረስ አይጫንም የሚል ይኖራል። ይሁን፤ አህያ አለ፣ የባልም ትከሻ አለ።