ከወንበር ዘጠኝ ጊዜ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ደብተሩ የስብከት ማስታወሻ ወይም የጸሎት ርዕስ የተጻፈበት አይደለም። ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሳሁና ስንት ኪሎ ብረት እንዳነሳሁ የተመዘገበበት ነው። «የመጋቢ ሚስት ጂም ቤት ምን ትሠራለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ስለነበር አልፈርድባችሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ሐዋሳ ሄዶ ነበር። ልጆቹ አክስታቸው ቤት አድረው ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከመታጠቢያ ቤት በኩል አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ እናቴ ወለሉ ላይ ናት። ጌታ ይመስገን የተሰበረ አጥንት አልነበረም፤ ነገር ግን መነሳት አቃታት። ከብብቷ ይዤ ላነሳት ስሞክር ወገቤን ወጋኝና እኔም አጠገቧ ዘፍ አልኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ሦስተኛውን ፈራሁ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና የጎረቤታችንን ዘበኛ ቀሰቀስኩ። በሌሊት ልብሷ እንዳለች አንድ የማታውቀው ሰው ሲያነሳት እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጋዋ ላይ ካስተኛኋት በኋላ፣ «ልጄ፣ ለካ አንቺም ደክመሻል» አለችኝ።

እስኪነጋ ድረስ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሲመለስ ግን የነገርኩት፣ «እማዬ ወድቃ ነበር፤ አሁን ደህና ናት» ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ መርምሮኝ፣ «የደከመው ጡንቻዎ ነው» አለኝ። ሰው ከ30 ዓመቱ በኋላ ጡንቻውን ካላሠራው በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ሊያጣ እንደሚችል፣ ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ሲቋረጥ አጥንቷም ቶሎ ቶሎ እንደሚሳሳ አስረዳኝ። ከዚያም ክብደት ማንሳት እንድለማመድ፣ ለዚህም ባለሙያ አሠልጣኝ እንድፈልግ መከረኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ 46 ዓመቴ ነው። እናቴ በእኔ ዕድሜ ሳለች ከምንጭ ውኃ በእንስራ ትሸከም ነበር። እኔ ግን ከቤት ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ወደ ጸሎት ፕሮግራም ስሄድ ከመጽሐፍ ቅዱሴና ከቦርሳዬ የከበደ ነገር ሳላነሳ ዓመታት አልፈዋል። ጀሪካኑን እንኳ የምታነሳው የቤት ሠራተኛችን ናት።

ደብተሩ ተከፈተ

ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ጂም አገኘሁ። ገና ደረጃውን ስወጣ ዘፈኑ ተቀበለኝ፤ ልመለስም ነበር። አሠልጣኟ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። ፊቴን አይታ፣ «እትዬ፣ የራስዎን መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መሥራት ይችላሉ» አለችኝ። ሰበቤን ወሰደችብኝ።

ወደ ብረቱ ትወስደኛለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ወንበር አመጣች። «እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ብድግ ብለው እንደሚቀመጡ እንቆጥራለን» አለች። ጀመርኩ። ስድስተኛው ላይ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ሴኮንዱ ሲያልቅ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ። ይህ መመዘኛ በአብዛኛው ለአረጋውያን እንደሚሠራበት፣ ከ60 እስከ 64 ዓመት ላለች ሴት እንኳ ከ12 በታች ዝቅተኛ ተብሎ እንደሚቆጠር በኋላ ነገረችኝ። ቀኑን ጽፋ ከአጠገቡ «9» ብላ አሰፈረች። ክብደቴን በሚዛን፣ ወገቤን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታ ጨመረችበት። «በዚህ ደብተር ላይ የምንጽፈው የሆነውን ብቻ ነው» አለችኝ። ያን ቃል ልብ አላልኩትም።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ መሄድ ጀመርኩ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኩትም። ሦስት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ከዕቁቤ ብከፍልም በምእመናን መባ የሚኖር ቤት ለአሠልጣኝ ይከፍላል መባሉን ፈራሁ። ሁለተኛው የሰው ወሬ ነው። ሦስተኛው ባለቤቴ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ በወጣቶች ጉባኤ ላይ ሲሰብክ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ የሰውነት ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት ነው ማለቱን አንሥቶ በጂም ላይ ቀልዶ ነበር። ጉባኤው ሳቀ። እኔም ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ ስቄያለሁ። ስለዚህ ማክሰኞና ዓርብ «ጉዳይ አለኝ» እያልኩ እወጣ ነበር።

ታዲያ አሠልጣኟ በቤቴ የምሠራው የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ በጀርባ ተኝቶ ወገብን ወደ ላይ ማንሳት፣ እያንዳንዱ 12 ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ዙር። ነገር ግን ባለቤቴ ጠዋት ሳሎን ተቀምጦ ስብከቱን ያዘጋጃል። ማታ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ነን። የት ልሥራ? እናም «ሠሩ እትዬ?» ስትለኝ «አዎን» እላት ነበር። እርሷም አምናኝ ትጽፋለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት ደብተሩን አይታ፣ «ጎብዘዋል» ብላ ከወለል የማነሳውን ብረት ከ15 ኪሎ ወደ 25 ኪሎ ከፍ አደረገችው። አራተኛው ላይ ወገቤ ያዘኝና ብረቱን ለቀቅኩት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ደብተሩን ገልጣ ቁጥሮቹን ደጋግማ አየችና፣ «እትዬ፣ ደብተሩ አንድ ነገር ይላል፤ ሰውነትዎ ሌላ ይላል። የቱን ልመን?» አለችኝ።

ውድ አንባቢዬ፣ እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬ የተመረቅኩ፣ በእህቶች ኅብረት ስለ እውነት ያስተማርኩ ሴት ነኝ። በዚያች ልጅ ፊት ግን አንገቴን ደፋሁ። «አልሠራሁም፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ብዕሯን አነሳችና በሦስቱ ሳምንታት ላይ መስመር አሰመረች። ከሥሩም የዕለቱን ቀን ጽፋ «10 ኪሎ» አለች። «ከዚህ እንጀምር» ብላ ፈገግ አለች። ጨክና ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ምሽት

ወደ ቤት ስመለስ ጌታ አንድ ጥያቄ በልቤ አስቀመጠ፦ ለአሠልጣኝሽ የተናዘዝሽውን ለባልሽ የማትነግሪው ለምንድን ነው? ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ጂሙን፣ ገንዘቡን፣ ዘበኛውን የቀሰቀስኩበትን ሌሊት።

ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጠ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ስለ ጂም የሚናገር መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን፣ «እናትሽን ማንሳት አቅቶሽ ያለቀስሽበትን ሌሊት ለምን ደበቅሽኝ?» አለኝ። «ደክሜ እንድታየኝ ስላልፈለግኩ ነው» አልኩት። «እኔ ቀላል ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር፤ ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን ተሸከምሽው» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። የጎዳው መደበቄ ነበር። እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከዚያም፣ «እስቲ ያን ክፍል አብረን እንየው፤ ግሪኩን አንቺ ትሻያለሽ» አለኝ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7-8ን ገለጥን። ጳውሎስ ስለ ሰውነት ልምምድ ሲናገር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ጊምናሲያ» ነው፤ ዛሬ «ጂም» የምንለው ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር ጢሞቴዎስን በእግዚአብሔር መምሰል ራሱን እንዲያሠለጥን ሲያዝዘውም የተጠቀመው ከዚሁ ሥር የወጣውን ግስ ነው። ሐዋርያው ከስፖርተኛው ልምምድ ምሳሌ ወስዷል ማለት ነው። ጥቅሙን ጥቂት ያለው ለሚመጣውም ሕይወት ከሚጠቅመው ጋር አስተያይቶ ነው እንጂ ጥቅም የለውም አላለም። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ስለ ጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም ሳይቀር ያስባል። ኤልያስም ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር። ጌታ ሥጋችንን ያውቃል።

ባለቤቴ መጽሐፉን ከድኖ ተነሳና ወንበር ሳበ። «ቁጠሪልኝ» አለ። እያለከለከ 13 ላይ ቆመ። በደብተሩ ላይ የእርሱም ስም ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ሥራዬን የምሠራው በግልጥ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከእርሱ ጋር ነው። አንዲት እህት፣ «የመጋቢያችን ባለቤት ዓለም ውስጥ ገባች እንዴ?» ማለቷ ጆሯችን ሲደርስ፣ ባለቤቴ ራሱ ለሽማግሌዎች፣ «ሁለታችንም ልምምድ ጀምረናል፤ ወገብ የሚያማችሁ ካላችሁ እናግዛችኋለን» አላቸው። ሦስቱ ወዲያው እጃቸውን አወጡ።

ነሐሴ

በነሐሴ ወር ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ ከወንበር መነሳት ከ9 ወደ 17፤ ከወለል ማንሳት ከ10 ኪሎ ወደ 40 ኪሎ፤ ወገብ በ6 ሴንቲ ሜትር ቀንሷል። ሚዛኑ የቀነሰው ግን ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ሚዛኑን ብቻ ባይ ኖሮ ተስፋ ቆርጬ እተው ነበር። አሠልጣኟ እንዳስረዳችኝ፣ ጡንቻ ሲጨምርና ስብ ሲቀንስ ሚዛኑ እምብዛም ላይንቀሳቀስ ይችላል፤ ለዚህ ነው ብዙ ነገር የሚመዘገበው።

በዚያው ወር አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ እናቴ ከአልጋዋ ሥር ወደቀች። ባለቤቴ ለአዳር ጸሎት ወጥቶ ነበር። ሻማ ለኩሼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። በመጀመሪያ የሚያማት ቦታ እንዳለ ጠየቅኳት። አልነበረም። አሠልጣኟ እንዳስተማረችኝ፣ ጎትቼ ላንሳሽ አላልኳትም። በጎኗ አዙሬ በእጇና በጉልበቷ አቆምኳት፣ ወንበር ከፊቷ አስጠግቼ እጇን አስደገፍኩ፣ አንድ እግሯን ወደ ፊት እንድትረግጥ አደረግኩ። ከዚያም ወገቧን ደግፌ፣ ጀርባዬን አቅንቼ፣ በእግሬ ኃይል አብሬያት ተነሳሁ። አልጋው ላይ ስትቀመጥ፣ «ማንን ጠራሽ?» አለችኝ። «ማንንም አልጠራሁም እማዬ» አልኳት። እጄን ይዛ ባረከችኝ።

እናንተስ?

የጂም ክፍያ ለሁሉ እንደማይቻል አውቃለሁ። ደስ የሚለው፣ ያለ ጂምም መጀመር ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ከእግር ጉዞና ከመሳሰለው እንቅስቃሴ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ እንዲሠራ ይመክራል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ፣ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ከዚያ በጠንካራ ወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ውኃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በየእጃችሁ ይዛችሁ ማንሳት ትችላላችሁ፤ አንዱ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ስታነሱ ትንፋሻችሁን አትያዙ። በሁለቱ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፉ። የመጨረሻዎቹ ጊዜያት ሲቀሉላችሁ ጥቂት ብቻ ጨምሩ። የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ አቁሙ።

ደግሞም ጻፉት። ቀኑን፣ የሠራችሁትን፣ ስንት ጊዜና ስንት ዙር እንደሆነ፣ ክብደቱንም። ያልሠራችሁበትን ቀን «አልሠራሁም» ብላችሁ ጻፉ። የእኔ ዘጠኝ ቁጥር አሳፍራኝ ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛ ስለነበረች በእርሷ ላይ መጨመር ተቻለ። በውሸት በተጻፈው ቁጥር ላይ የተጨመረው ግን ወገቤን ጎዳው።

ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወንበር ስባችሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ቁጠሩ። ሳቁም። ከዚያ ሳትነሱ፣ «ከእኔ የደበቅሽው ድካም አለ? ከአንቺ የደበቅሁት አለ?» ተባባሉ። ቀድሞ የሚናገረውን አትቆጡት።

የሰላም አምላክ መንፈሳችሁን፣ ነፍሳችሁንና ሥጋችሁን ይጠብቅ። ጌታ ይባርካችሁ።