ቱክሰን፤ መኪና በወር ክፍያ የሚታጠብባት ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ አሜሪካ ሲባል በዐይነ ሕሊናዎ የሚመጣብዎ የኒውዮርክ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ወይም የዋሽንግተን ነጩ ቤተ መንግሥት ይሆናል። ዛሬ ግን ወደዚያ አልወስድዎትም። የምንሄደው በአሪዞና ምድረ በዳ ወደምትገኘው ወደ ቱክሰን ነው። ቱክሰን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በሰሜን በኩል የሳንታ ካታሊና ተራሮች የቆሙባት፣ ዳር ዳሯን ሳጓሮ የሚባል፣ የእኛን ቁልቋል የሚመስል ነገር ግን ከቤት ጣሪያ በላይ የሚረዝም እሾሃም ተክል የሞላባት ከተማ ናት። የዓመት ዝናቧ 300 ሚሊሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ከዚህ አብልጣ ታገኛለች። ሪሊቶ የሚባለው ወንዟ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሕዝቡ የሚጠጣው ውሃ በአብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ ተጠልፎ፣ 540 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ቦይ በረሃውን አቋርጦ የመጣ ነው።

ታዲያ ውሃ እንዲህ ከሩቅ በሚመጣላት ከተማ ከአሜሪካ ታላላቅ የመኪና ማጠቢያ ኩባንያዎች አንዱ ዋና መሥሪያ ቤቱን አቁሟል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። ሚስተር ካር ዋሽ የተባለው ኩባንያ በ1996 ተመሠረተ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ2024 መጨረሻ በ21 ግዛቶች ከ500 የሚበልጡ ማጠቢያዎች ነበሩት። እኛ ላቫጆ የምንለው ሥራ፣ ስሙን ከጣሊያኖች ወስደን በባልዲና በጨርቅ የምናውቀው ሥራ፣ በዚያ አገር አክሲዮኑ በኒውዮርክ ገበያ እስከ መሸጥ ደርሷል፤ ይህም የሆነው በሰኔ 2021 ነው።

አሁን መኪናዎን ይዘው ወደ ስፒድዌይ ጎዳና ይግቡ። ይህ ጎዳና በ1970 ላይፍ በተባለው ሥዕላዊ መጽሔት ፎቶግራፉ ወጥቶ «የአሜሪካ አስቀያሚው ጎዳና» የሚል ስም አትርፏል። ዛሬም ቢሆን ለውበቱ ብሎ የሚሄድበት የለም፤ ግራና ቀኙ ነዳጅ ማደያ፣ ምግብ ቤት፣ የጎማ መሸጫ ነው። በዚህ መካከል ረዘም ያለ፣ መግቢያና መውጫው ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ዋሻ የመሰለ ቤት ያያሉ። ማጠቢያው እርሱ ነው።

ሲጠጉ የሚቀበልዎ ሰው ላይኖር ይችላል። አንድ ካሜራ ታርጋዎን ያነባል፤ አባል ከሆኑ መዝጊያው እንጨት ቀና ይላል። ከዚያ ማርሹን ፍሬን ላይ ሳይሆን ነፃ ላይ አድርገው፣ እጅዎን ከመሪው ያነሣሉ። ከወለሉ ሥር የሚሄደው ሰንሰለት ጎማውን ይዞ ይጎትትዎታል። በመጀመሪያ ሳሙናው ይረጫል፤ ቀጥሎ ከጎንና ከላይ ትላልቅ ብሩሾች እየተሽከረከሩ ይመጣሉ፤ መስተዋቱ በቀይና በሰማያዊ አረፋ ተሸፍኖ ውጪው ሁሉ ይጠፋል። ልጆች በዚህ ጊዜ ይጮኻሉ፤ አዋቂዎችም ቢሆኑ አፍረው ነው እንጂ ደስ ይላቸዋል። በመጨረሻ እንደ ማዕበል የሚጮህ ነፋስ ጠብታውን ጠርጎ ያወጣዎታል። ሁሉም በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ያልቃል። ደጅ ላይ የወለሉን አቧራ የሚስቡ ቱቦዎች ተሰቅለዋል፤ ጠራጊው ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለምሳሌ ያህል አንድ ጊዜ ለመታጠብ 12 ዶላር ይጠየቃል እንበል። በዚያው ሰሌዳ ላይ «በወር 28 ዶላር፤ የፈለጉትን ያህል ይታጠቡ» የሚል ተጽፏል። ሰውየው ያሰላል፤ በወር ሦስት ጊዜ ከመጣሁ አተረፍኩ ይላል። የባንክ ካርዱን ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያውን ወር አምስት ጊዜ ይመጣል፤ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፤ በአራተኛው ወር ዘመድ ይታመማል፣ ሥራ ይበዛል፣ አንድም ጊዜ አይመጣም። 28ቱ ዶላር ግን በቀኑ ይወጣል። የሚስተር ካር ዋሽ አባሎች በ2024 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ከማጠቢያው ሽያጭም ሦስት አራተኛው ያህል የተገኘው ከእነርሱ የወር መዋጮ ነው።

«በየቀኑ የሚመጣው አያከስራቸውም ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። በዋሽንግተንና በዴንቨር ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችንን የመሰለ፣ እንጀራው በመኪናው ንጽሕና ላይ የቆመ ሰው፣ በእርግጥ ከከፈለው በላይ ያስጥባል። ነገር ግን ማሽኑ ተተክሎ፣ ኪራዩ እየተከፈለ፣ ሠራተኛው ቆሞ ሳለ አንድ መኪና ቢጨመር የሚጨምረው ወጪ የጥቂት ሳሙና፣ የውሃና የኤሌክትሪክ ዋጋ ብቻ ነው። ባለቤቱን የሚያስፈራው የሚመላለሰው ደንበኛ አይደለም፤ ባዶ ዋሻ ነው። ዱሮ ሳምንቱን ቢዘንብ ሳምንቱን ገቢ የለም ነበር። ዛሬ ዝናቡም ቢዘንብ ገንዘቡ ይገባል። ባንክና ባለ ካፒታል ይህን ንግድ የወደዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ራሱ አዲስ አይደለም። በዲትሮይት ከተማ በ1914 «የአውቶሞቢል ልብስ አጣቢ» ብለው የከፈቱት ሰዎች መኪናውን ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው በእጅ እየገፉ ያጥቡ ነበር። በሲያትል በ1951 ኤሌፋንት የተባለው ማጠቢያ ያለ ሰው እጅ ማጠብ ጀመረ። አዲሱ ነገር የወሩ መዋጮና ከኋላው የመጣው ገንዘብ ነው። ሚስተር ካር ዋሽን በ2014 የገዛው ሊዮናርድ ግሪን የተባለ የገንዘብ አስተዳዳሪ ድርጅት ነው። የ2017ቱ የግብር ሕግም ረድቷል፤ ማሽን የገዛ ነጋዴ ሙሉውን ዋጋ በዚያው ዓመት ከትርፉ ላይ እንዲቀንስ ፈቀደ። ይህ ፈቃድ ከ2023 ጀምሮ እየጠበበ ሄዶ በ2025 ደግሞ እንደገና ተመለሰ። ኩባንያዎቹ ሌላም ዘዴ አላቸው፤ ቦታውንና ሕንፃውን ለሌላ ባለ ሀብት ይሸጡና ያንኑ ቤት መልሰው ይከራያሉ፤ በተገኘው ገንዘብ ሌላ ዋሻ ይሠራሉ። ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ኪራዩ ገበያ ቢቀዘቅዝም አይቀዘቅዝም።

ስለ ውሃው ሳልነግርዎት አልለፍ። የበረሃ ሰው በዚህ ንግድ ላይ የሚያነሣው የመጀመሪያ ቅሬታ ውሃ ያባክናል የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ክስ ከሁሉም ደካማው ነው። ብዙዎቹ ዋሻዎች ያጠቡበትን ውሃ ከሥር ባለ ጉድጓድ አጠራቅመው፣ አሸዋውን አዝቅጠው፣ ለመጀመሪያው እጥበት መልሰው ይጠቀሙበታል። ቤቱ ደጃፍ ላይ ጎማ ቱቦ ከፍቶ የሚያጥብ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ያፈስሳል፤ ዘይቱና ሳሙናውም በጎርፍ መውረጃ ሳይጣራ ይሄዳል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ማጠቢያ የሚመርጠው ብዙ መኪና የሚያልፍበትን የመንገድ ማዕዘን ነው፤ ያም ማዕዘን ለምግብ ቤት፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ለመኖሪያ ፎቅ የሚመረጠው ያው ነው። በጨርቅ እየወለወሉ፣ መስተዋት እያጸዱ ከደንበኛው ጉርሻ ይቀበሉ የነበሩት ሰዎች ቦታ ዛሬ በነፋስ ማድረቂያ ተይዟል። በአካባቢው እግረኛ አይቆምም፤ ጎረቤቱ የሚሰማው የማድረቂያውን ጩኸት ነው። ስለዚህ የከተማ ምክር ቤቶች እጃቸውን ማስገባት ጀመሩ። በዩታ ግዛት የሶልት ሌክ ሲቲ ምክር ቤት በ2023 ሹገር ሃውስ በሚባለው የንግድ ሠፈር አዲስ ማጠቢያ እንዳይሠራ ከለከለ። በሌሎችም ከተሞች አዲስ ፈቃድ ለጊዜው የታገደባቸው አሉ።

ነጋዴውም ቢሆን ሁልጊዜ አይቀናውም። አንዱ በተከለበት ማዕዘን ማዶ ሌላው ሲተክል ያው የሠፈሩ ሰው ለሁለት ይካፈላል፤ ሁለት ቦታ በየወሩ የሚከፍል ደግሞ የለም። መቀመጫውን በቴክሳስ ያደረገው፣ ከ250 የሚበልጡ ማጠቢያዎች የነበሩት ዚፕስ የተባለው ኩባንያ በየካቲት 2025 ዕዳው ከብዶት ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ምግብ ቤት ቢዘጋ ልብስ ሰፊ ይገባበታል፤ ልብስ ሰፊው ቢወጣ ጸጉር አስተካካይ። 40 ሜትር የሚረዝም፣ ወለሉ በሰንሰለት ቦይ የተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ጠባብ ዋሻ ግን ከመኪና በቀር ሌላ ነገር ለማስገባት የተሠራ አይደለም፤ የከተማ ሹማምንት ፈቃድ ከመፈረማቸው በፊት አሁን የሚጠይቁት፣ ባለቤቱ አንድ ቀን ትቶት ቢሄድ ማን ያፈርሰዋል የሚለውን ነው።