ስድስት ጎማ ያለው ቤታችን

እናንተዬ! ቤት ያጣ ሰው መኪና ውስጥ ያድራል ሲባል እንሰማለን። የኛ አባት ግን ቤት እያላቸው መኪና ውስጥ ለማደር ገንዘብ ከፈሉ። ያውም በካሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። የከተማዋ ታክሲዎች በሜትር ማስከፈል የጀመሩት በ2008 ነው (እዚህ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ እሳቸው ከዚያ በፊት የዞን ካርታውን በቃላቸው ከያዙት ነባሮች አንዱ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያደርሱ ኖረው ራሳቸው ግን ከዌስት ቨርጂኒያ ወዲያ አልፈው አያውቁም። ጡረታ በወጡ በወሩ “አሜሪካን ሳላያት አሜሪካ ውስጥ ልሞት ነው እንዴ?” አሉና ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የ2000 ስሪት ሞተርሆም ገዝተው መጡ። እኛ ሦስቱ ሴት ልጆቻቸው በመስኮት አየንና እርስ በርስ ተያየን። አውቶቡስ የገዙ ነበር የመሰለን።

ለምን በአውሮፕላን ሄደው ሆቴል አያርፉም ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል። መልሱ እማዬ ናት። እማዬ ስኳር አለባት። ያልተከፈተው ኢንሱሊኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ ሽንት ቤት በቅርብ ያስፈልጋታል፣ ምግቧንም ራሷ ካልሠራች አይሆንላትም። ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ አልጋና መጸዳጃ ይዞ የሚሄድ መኪና ለሷ ቅንጦት አይደለም። የአባባ ሕልም ደግሞ የሎስቶን ነው፤ ከመሬት ሆድ የፈላ ውሃ ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ ማየት። “ፍል ውሃ አዲስ አበባም አለ” ትላለች እማዬ። ግን እሄዳለሁ ብላለች፤ እሷ እሄዳለሁ ካለች ደግሞ አለቀ።

እንግዲህ ወደ ብልሽቱ እንምጣ።

ሞተርሆም ስትሉ አንድ መኪና ይመስላችኋል። ሁለት ነው። ሞተሩን፣ ሻንሲውንና የሹፌሩን ክፍል የሠራው ፎርድ ነው፤ ኢ-450 ይባላል፤ ከነጭነቱ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ከኋላ ድርብ ጎማ የታሰረለት የጭነት መኪና። ከላይ የተጫነውን ቤት የሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው። የአሜሪካ ሞተርሆም ፋብሪካዎች በብዛት የተሰባሰቡት ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በዙሪያዋ ነው፤ የኛም ቤት የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በቪቴና በማስቲሽ ተጋብተው ይኖራሉ። አንድ ነገር የተበላሸ ቀን ግን ፍቺው ይመጣል። የመኪና ጋራዥ ስትደውሉ “ሞተሩን እንሠራው ነበር፣ ግን በበራችን አይገባም፣ ክሪካችንም አያነሳውም” ይላሉ። የሞተርሆም ጋራዥ ስትደውሉ “ቤቱን እንሠራለን፣ ሞተር አንነካም፤ ወረፋውም ስድስት ሳምንት ነው” ይላሉ። ከመካከላችን በጋዜጠኝነት የተመረቀችው “አንቺ መጠየቅ ተምረሻል” ተብላ የስልኩ ሥራ ለሷ ተሰጠ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ባለሥልጣን ልንጠይቅ ነበር፤ አሁን የምንጠይቀው የበር ከፍታ ነው።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ለሙከራ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ወጣን። በስካይላይን ድራይቭ በኩል እንሂድ ተብሎ ነበር፤ መንገዱ 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አያልፍም፣ ዋሻው ደግሞ 12 እግር ከ8 ኢንች ብቻ ነው የሚያሳልፈው። እኛ ከጣሪያችን ላይ ካለው አየር ማቀዝቀዣ ጋር 11 ከግማሽ ገደማ ነን። ያልፋል። አባባ ግን “የአንድ እግር ልዩነት ላይ እናታችሁን አልጭንም” ብለው በኢንተርስቴት 64 ይዘውን ሄዱ። ከሻርለትስቪል አልፈን የአፍተንን ተራራ ስንወጣ “ጧ!” የሚል ድምፅ ከእግራችን ሥር ፈነዳ። ከዚያ ልክ እንደ መትረየስ “ጠ-ጠ-ጠ-ጠ” ይል ጀመር፤ ጉልበቱም ወረደ። አባባ ፍሬቻ አብርተው ዳር ያዙና ሞተሩን አጠፉ። ወደኛ ዞረው የተናገሩት አንድ ቃል ነው፦ “ካንዴላ።”

እውነትም ካንዴላ ነበር። የዚህ መኪና ሞተር ባለ አሥር ሲሊንደር፣ 6.8 ሊትር ነው። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ቴስታታው አልሙኒየም ሆኖ ካንዴላው የሚጠመድበት ጥርስ በጣም ጥቂት ነው፣ አራት ያህል ብቻ። ካንዴላው ከጊዜ ብዛት ይላላል፤ የሲሊንደሩ ግፊት ደግሞ አይምርም። አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ሞተሩ ሲጨነቅ፣ የአልሙኒየሙን ጥርስ ይዞ እንደ ቡሽ ይወነጨፋል። ከላዩ ያለውን ቦቢና አብሮ ያነሳዋል። በእነዚህ ሞተሮች የታወቀ ነገር ነው፤ የቆየ መካኒክ ድምፁን በስልክ ሰምቶ ይለየዋል።

አባባ የመንገድ እርዳታ ደውለው በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ታዲያ ያችኑ “ካንዴላ” አሏት። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴትዮ “ሻማ ነው የጠፋብዎት?” አለቻቸው። ሳቃችን መጣ፤ ነገር ግን ሴትዮዋ አልተሳሳተችም፤ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። የኛ ጋራዥ ቋንቋ እኮ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ስኮርታ… ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሻጭ አንዱን ጣሊያን ሳያይ በጣሊያንኛ ይነግዳል። አባባ መኪና የሚያውቁት በዚያ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሲያስረዱ ሰዉ ምንም እንደማያውቁ አድርጎ ያያቸዋል። በዚያ ተራራ ላይ ከብልሽቱ ይልቅ ያበሳጨን ይኸው ነበር፤ በመጨረሻ ስልኩን ተቀብለን ነገሩን ተረጎምነው።

ተራው የእርዳታ መኪና 6 ቶን አይጎትትም። ትልቁ እስኪመጣ አራት ሰዓት ጠበቅን። እማዬ በዚያ መሀል ምድጃዋን ለኩሳ ሽሮ ሠራች። መንገድ ዳር ተበላሽቶ ምሳ የሚያበላ መኪና እንግዲህ ይኸው ነው፤ ይህን አንክድም። ከተራራው ሥር ዌይንስቦሮ ድረስ ተጎትተን አንድ ግቢ ውስጥ አቆሙን። እዚያ ያለው ጋራዥ ቴስታታው ሙሉ ለሙሉ ይቀየር አለን። ዋጋውን እዚህ አንጽፈውም፤ አባባ መኪናውን ከገዙበት ግማሽ ያህል ነበር ብንል ይበቃል።

ያዳኑን የአባባ ወዳጅ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ለጋራዥ ያደጉ፣ አሁን አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ጋሼ፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዕቃቸውን ጭነው መጡ። በሁለቱ ወንበሮች መሀል ያለውን ትልቅ ክዳን ሲያነሱት ሞተሩ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘነው። በዚህ መኪና ኮፈኑን ከፍታችሁ የምትደርሱበት ግማሹ ብቻ ነው፣ የቀረው ከውስጥ ነው። ጋሼ የተበላውን ቀዳዳ በመሞረጃ አሰፉት፣ አዲስ ጥርስ አወጡለትና በውስጡ ጥርስ ያለው የብረት እጅጌ አስገቡ። መሞረጃውን በግሪስ ለውሰው ነበር የሚያሽከረክሩት። “ለምን?” ስንላቸው “ፍቅፋቂው ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ከካንዴላ ልንድን ፒስተን እንቀብራለን፤ ግሪሱ ይይዘዋል” አሉን። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሞተሩ ተነሳ። የተቀበሉት የነዳጃቸውን ብቻ ነው፤ እማዬ በላዩ ድርቆሽ ጨመረችላቸው።

ይህንን ያህል ስናወራ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ያለቀ መኪና ያስመስልብናል። አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብልሽቱን ሁሉ የምንመዘግብበት ደብተር አለን። 31 ብልሽት ተጽፎበታል። እየሄደ ሳለ የተበላሸው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሃያ ሰባቱ ቆሞ ነው! አባባ ታክሲያቸውን የሚያውቁት በማይል ነበር፤ ይህን ያህል ማይል ሄደ፣ ዘይት ይቀየር። ሞተርሆም ግን ማይሉን አትዩት፣ ቀኑን ነው። ጎማዎቹን ስንገዛው አይተን አዲስ መስለውን ነበር፤ ጥርሳቸው አልተነካም። ጎኑ ላይ ከሚጻፈው ቁጥር መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አነበብን፦ 2311። በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስድስቱንም ቀየርን። ጄነሬተሩም እንደዚያው ነው፤ በወር አንዴ ጭነት ተሰጥቶት ካልሠራ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ማር ይረጋል። የጣሪያው መጋጠሚያ በስድስት ወር አንዴ ካልታየ ዝናብ በፀጉር ቀጭን ስንጥቅ ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ይህ ደግሞ ከሞተርም የከፋ ነው፣ ሞተር ይለወጣል፣ የበሰበሰ ግድግዳ ግን መኪናውን ይዞ ይሄዳል። ክረምት ሲመጣ ውሃው ወጥቶ ሮዝ ቀለም ያለው ፀረ-በረዶ በቧንቧው ካልገባ በጸደይ የሚጠብቃችሁ ምንጭ ነው። አይጥ የገመድ ልባስ ትበላለች። ስለ ሽንት ቤቱ ታንከር አንጽፍም፤ ምሳ ላይ የምታነቡ ትኖራላችሁ።

ከሁሉም ያስለቀሰን ግን ማቀዝቀዣው ነው። የቤት ማቀዝቀዣ በኮምፕሬሰር ይሠራል። የሞተርሆሙ ግን በጋዝ እሳት ነው የሚያቀዘቅዘው! እሳት በረዶ ሲሠራ… ስቶክሆልም ውስጥ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ በ1922 ያመጡት ዘዴ ነው፤ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጂን ባለበት ቧንቧ ውስጥ ሙቀቱ ፈሳሹን ያዞረዋል፣ የሚንቀሳቀስ ብረት የለበትም። ጣጣው፣ ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ መኪናው ተዳፋት ላይ ከቆመ ይጓጉላል። ዌይንስቦሮ ግቢው ተዳፋት ነበር። ማታ ከፍተን ስናይ ቴርሞሜትሩ 14 ዲግሪ ይላል። የሦስት ሳምንት ኢንሱሊን! በዚያ ሌሊት አንዳችን በረዶ ፍለጋ ነዳጅ ማደያ ሮጠች፣ አንዳችን ከጎማ ሥር ሳንቃ አስገባች፣ አንዳችን የውሃ ልክ ይዛ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እማዬ ብቻ “ተረጋጉ፣ እኔ ነኝ የታመምኩት” እያለች ሻይ አፈላች። ጠዋት 5 ዲግሪ ሆኖ አደረ።

ከዚያ መልስ “ይሸጥ” አልን፣ ሦስታችንም ባንድ ድምፅ። ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ወጪውን ደመርንላቸው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡ። አንዳችም አላሉም። እማዬ ናት የተናገረችው፦ “አባታችሁ ታክሲ ሲነዱ በዓል እንኳ አብረን አልዋልንም። እዚያ ተራራ ላይ አራት ሰዓት ስንጠብቅ ግን የሚሄዱበት አልነበራቸውም።” ከዚያ በኋላ ስለ መሸጥ ያነሳ የለም።

አሁን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቅዳሜ፣ መኪናው ወደሚቆምበት ግቢ እንሄዳለን። አባባ ጄነሬተሩን ያስነሳሉ፣ ከመካከላችን ቀላሏ ጣሪያ ትወጣለች፣ ሌላዋ የማቀዝቀዣውን ዲግሪ ትመዘግባለች። እማዬ ቡና ታፈላለች፤ ግቢውን የሚጠብቀው ኤልሳልቫዶራዊ ሰውዬ ሦስተኛውን ሲኒ ለምዷል።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቷል። ሞተሩ አሥር ካንዴላ አለው፤ ጋሼ የሠሩት አንዱን ነው። ዘጠኙ አሁንም በድሮው ጥርስ ላይ ናቸው። አባባ “ያልታመመን አናክምም” ይላሉ። ጋሼ ደግሞ “ታሞ የሚነግራችሁ መሀል ሞንታና ላይ ነው” ይላሉ። ከዚህ የሎስቶን ከ2,000 ማይል በላይ ነው፤ በአንድ ጋሎን 8 ማይል የሚሄድ መኪና ለመሄጃ ብቻ 250 ጋሎን ይጠጣል፣ ተራራውም ከአፍተን ጋር አይወዳደርም። በመጨረሻ የተስማማንበት ዘጠኙንም ካንዴላ ፈትቶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ በልኩ መልሶ ማጥበቅ ነው፤ የተጎዳው እጅጌ ይገባለታል፣ ደህናው ባለበት ይቀራል። ሥራው ለነሐሴ የመጀመሪያ ቅዳሜ ተቀጥሯል። ጋሼ የሚያዙትን ዕቃ የምናቀብለው እኛ ነን፤ ካቻቢቴ ሲሉ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲሉ ፒንሳ። እማዬ ከአሁኑ ድርቆሽ ማድረቅ ጀምራለች።