«ቤቶች!» እያሉ በጎጃም

የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም የገባ መንገደኛ የመጀመሪያ ሥራው ታፔላ ማንበብ ነው። ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፤ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ፍርድ ቤት። እንግሊዞች በአንድ ቃል ብዙ ማለትን ይኮሩበታል፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር «ራን» ለሚለው ግስ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥሮለታል። ወንዙንም፣ ሞተሩንም፣ ሱቁንም፣ የምርጫ ተወዳዳሪውንም ያስሮጡታል። እኛ ደግሞ ለሁሉም ቤት ሰጥተነዋል።

ፍቅሩ የያዘኝ ግን ገጠር ስገባ ነው። ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ካለች መንደር ጎራ አልን። አብሮኝ የነበረው ወጣት አጥሩ ሥር ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ከውስጥ የሴት ድምፅ «ደጆች!» ሲል መለሰ። ሰው ሰውን በስም አልጠራም፤ ደጅ ቤትን ጠራ፣ ቤትም ለደጅ «አቤት» አለ። የጣራው ቆርቆሮ ገና ያብረቀርቃል፤ አዲስ ቤት ነው። ልጁ ደፉን እንደ ረገጠ «ቤት ለእንቦሳ!» አለ፤ እመቤቲቱም (እመቤትም ያው ከቤት ናት) «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው መለሱ። ላም የምትወልድበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት ቤት ይሁን መባባላቸው ነው።

«ባለቤቴ በርበሬ ይዞ ቡሬ ገበያ ወርዷል፤ ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሉን። መደቡ ላይ ልጃቸው የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ደብተሯን ጠጋ ብዬ አየሁት። አንዱ ገጽ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አውጪ ይላል፤ ሌላው ላይ ቁጥሮች በአንድ ቤት፣ በአሥር ቤት፣ በመቶ ቤት ተደርድረዋል። ለካ ባልም ባለቤት፣ ባለንብረትም ባለቤት፣ በሰዋስው አድራጊውም ባለቤት! ሴትዮዋ ቡናውን እየቆሉ ስለ አንድ የበርበሬ ደላላ አነሱ፤ «በሱ ቤት እኮ አታሎናል» አሉ ሳቅ ብለው። እዚህች ላይ ልቤ ተረታ። የደላላውን መኖሪያ ማለታቸው አይደለም፤ የሰውየውን የገዛ ግምት፣ እሱ ብቻ ብልጥ፣ ሌላው ሁሉ ሞኝ የሆነበትን ስፍራ ነው። ሳይሰድቡት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ከነብልጠቱ እዚያው ቆለፉበት። ከዚህ የተሻለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ጎጃም ደግሞ የዋሸራና የጎንጅ አገር ነውና ቃሉ ቅኔ ውስጥም ገብቶ ተቀምጧል። የቅኔው ስንኝ ቤት ይባላል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ 3 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው። የግእዙ ግስ ሳይቀር የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት እየተባለ ይመደባል። አኩፋዳውን አንግቶ ደበሎውን የደረበ የቆሎ ተማሪ መንገድ ላይ አግኝተን መወድስ ይቆጥር እንደሆነ ጠየቅሁት። «ስድስተኛው ቤት እንቢ አለኝ» አለ፣ ጣሪያ እንደሚያፈስበት ሰው ግንባሩን ቋጥሮ። ማደሪያው የሣር ጎጆ ናት፤ እሷ ግን ምንም አላሳሰበችውም። ዓረቦችም የግጥም መስመርን «በይት» ይሉታል። በዳዊት 118ኛው መዝሙር ላይ ከአሌፍ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደልም ይኸው ቤት ነው፤ የእንግሊዝኛው «ቢ» ሳይቀር ዘሩ ከዚያው ነው።

ቡሬ ስንደርስ መሽቷል። መንገዱ እዚያ ይከፈላል፤ አንዱ በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ዳግመኛ ተሻግሮ ወደ ነቀምት። ገበያው ተበትኗል፤ የበርበሬው ሽታ ግን ገና ያስነጥሳል። አንድ ጠጅ ቤት ገብተን ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ገበያ የቀናው የሚመስል ገበሬ እጁን አነሳና «ለቤቱ ቅጅ!» አለ። አሳላፊዋ ከእኔ ጀመረች።

«ኧረ እኔ እንግዳ ነኝ» አልኩ።

«ታዲያ ከቤቱ ውጭ ነህ እንዴ?» አለኝ ሰውየው፤ ብርሌዬም ሞላ።