የቸኮለ እጅ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ ኮምፒውተሬን ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። በውስጡ በሞት የተለየኝ የአባቴ ድምፅ ነበረበት፤ ሌላ ግልባጭ አላስቀመጥሁም። ባበራሁት ጊዜ ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለ። እኔም «አሁንስ ይነሣ ይሆናል» እያልሁ ሌሊቱን ሙሉ ሳጠፋና ሳበራ አደርሁ።

ያሳየሁት ባለሙያ ነገሩን አስረዳኝ። ማንበቢያው በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ከጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ባነሰ ክፍተት ይንሳፈፋል። ሲወድቅ ከተጎዳ፥ በበራ ቍጥር ሰሌዳውን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀው አይመለስም። «በመጀመሪያው ድምፅ ቢያጠፉት ኖሮ፥ አቧራ በሌለበት ክፍል ማንበቢያውን ቀይሮ መገልበጥ ይቻል ነበር» አለኝ። ጥቂት ፎቶግራፎች ተረፉ፤ የአባቴ ድምፅ ግን ጠፋ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የምትወደውን ነገር ሳይጎዳ በሁለት ቦታ አስቀምጥ። ከተጎዳ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ መሆኑን ልብ በል። ወዳጅህ በተቀየመህ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ቍስሉን አትነካካው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔስ ያፈሰስሁትን መልቀም እንኳ አልቻልሁም።