አጥንት መቍጠርና ሰውን ማወቅ

በአገራችን «አጥንት መቍጠር» ሲባል የዘር ሐረግ መቍጠር ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ ለፈተና የሚዘጋጅ የጤና ተማሪ ግን አጥንት የሚቈጥረው በእውነት ነው። የዐዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው፤ ከዚህም ውስጥ 27ቱ በአንድ እጅ ላይ ብቻ ይገኛሉ። ከአንጎል የሚወጡት ነርቮች 12 ጥንድ፥ ከሕብለ ሰረሰር የሚወጡት 31 ጥንድ ናቸው። ይህ ሁሉ በላቲንና በግሪክ ስም ተጽፎ፥ የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ፈተና ሲቃረብ በአንድ ደካማ ራስ ላይ ይጫናል።

እኔም በዚያች ከተማ የነርስነት ትምህርት በተማርሁበት ዘመን ይህን ጭነት ተሸክሜአለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ሌሊቷ ብርድ ነው። በፈተና ሰሞን ተማሪው ጋቢውን ተከናንቦ፥ ደብተሩን ይዞ፥ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ሲያነበንብ ያየ መንገደኛ ዳዊት የሚደግም ይመስለዋል። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ አንዱን ገጽ ዐሥር ጊዜ ያነቡት ነበር። ሲያነቡት ሁሉ ነገር የታወቀ ይመስላል፤ ደብተሩ ሲታጠፍ ግን ስሙ ብቻ ይቀርና ነገሩ ይጠፋል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። የሰው አካል የስም ዝርዝር አይደለም፤ ሁሉም የየራሱ ሥራ ያለበት ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስሙ ማን ነው?» ብሎ ሳይሆን «ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ለዚህ የገዛ ቋንቋችን እንኳ ይረዳናል። ደምን ከልብ የሚያወጣውን ሥር «ደም ቅዳ»፥ ወደ ልብ የሚመልሰውን «ደም መልስ» እንለዋለን። ሥራው በስሙ ውስጥ አለ። «ደም ቅዳ ንጹሕ ደም የሚሸከም ነው» ብሎ በቃሉ የያዘ ተማሪ ከልብ ወደ ሳምባ ስለሚሄደው ሥር ሲጠየቅ ይሰናከላል፤ ይህ ሥር ደም ቅዳ ሲሆን የሚሸከመው ኦክሲጅን ያነሰውን ደም ነውና። «ከልብ የሚቀዳ» የሚለውን ትርጕም የያዘ ግን ምንም አይደናገረውም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የደምን ዙረት ያስረዳው በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምታወጣውን ደም ገምቶ ቢያሰላው በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በለጠበት፤ እንግዲህ ደሙ ዞሮ መመለስ አለበት አለ። አንባቢዬም ሒሳቡን ሊሞክሩት ይችላሉ። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ታወጣለች፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። የአንድ ዐዋቂ ደም በሙሉም 5 ሊትር ያህል ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያሰላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ለትምህርት የሚያገለግል ነገርም ከቤታችን አይጠፋም። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ልቡን ለእኔ እንዲተዉልኝ ለምኜ በቢላዋ ስከፍተው እናቴ «አንተ ልጅ፥ ደግሞ በዓመት በዓል ልብ መሰንጠቅ ጀመርህ?» አለችኝ። «ለፈተና ነው፥ እማዬ» ብላት ሳቀችና ቢላዋውን ስላ ሰጠችኝ። የበግ ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል አለው። የግራው ግድግዳ ከቀኙ እጅግ የወፈረ ነው። ለምን ቢሉ፥ ቀኙ ደሙን የሚልከው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳምባ ሲሆን፥ ግራው ግን ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ነው። ይህን እናቴም አይታ ገባት፤ «ሩቅ የሚልክ ጕልበት ያስፈልገዋላ!» አለች። ከዚያ የተሻለ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ አልጻፍሁም።

የከተማይቱ አየር እንኳ አስተማሪ ነው። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ከቈላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሰሞን ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥረውና ልቡ የሚፈጥነው ስለዚህ ነው። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የደጋ ሰው ደም በሄሞግሎቢን ይበዛል። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ግን ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ቢመረምሩ፥ የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ አገኙት። የእኛ ደጋ ሰው በመጽሐፍ የተጻፈውን ደንብ ሁሉ አይከተልም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ከተረዱ በኋላ በቃል መያዝ አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል። ቤት ተከራይቼበት በነበረው ግቢ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ በሻማ ስጨነቅ አይተው «ልጄ፥ መጽሐፉን ዝጋና ንገረኝ። የቃል ትምህርት መብራት አይሻም» አሉኝ። «እሺ፥ የኔታ» ብዬ ጀመርሁ። መልክዕ የሚባለው የግዕዝ ድርሰት የቅዱሱን አካል ከላይ ወደ ታች በየተራ እየጠራ ስለሚያወድስ፥ እርሳቸውም በዚያው ተራ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት አስኬዱኝ። ያልመጣልኝን ብቻ ጧት ተነሥቼ አየሁ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ምሁራን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ ጽሑፍን ደጋግመው ካነበቡ ተማሪዎች ይልቅ አንብበው ከዚያ ያለ ጽሑፉ ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ አብልጠው እንደ ያዙ አሳይተዋል። የየኔታ ዘዴ ከእነርሱ እጅግ ቀድሞ በአገራችን ይሠራበት ነበር።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም ለማርክ ብቻ ከሆነ ከንቱ ነው። በሠፈራችን አንድ ልጅ ነበረ። በሕፃንነቱ ከአንድ ሥፍራ በመቀመጫው መርፌ ከተወጋ ወዲህ አንድ እግሩን እየጐተተ ይሄድ ነበር። ስለ ሳያቲክ ነርቭ መማር ስንጀምር ምክንያቱ ገባኝ። በሰውነት ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ የሚወፍረው ይህ ነርቭ ነው፤ በመቀመጫው ሥር አልፎ ወደ እግር ይወርዳል። መርፌው ወደ ታችና ወደ ውስጥ ካጋደለ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የነርቩን መንገድ ግለጽ» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ሁለት ማርክ መሆኑ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በታላቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሰይሞታል። በዚያም ሆነ በሌላ ኮሌጅ ተምሮ የሚወጣው ወጣት ነገ ከአንኮበር በታች ወዳለው ቈላ ሊመደብ ይችላል። እዚያ ሌሊት በቃሬዛ በሽተኛ ሲመጣለት የሚጠይቀው አስተማሪ፥ የሚገልጠው ደብተር አጠገቡ ላይኖር ይችላል። የሚያገኘው በራሱ ውስጥ ያኖረውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ለፈተና የምትዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ቀን በቢሮ ውላችሁ ማታ የምትማሩም ሁሉ፥ ከማንበባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካነበባችሁም በኋላ ደብተሩን ዝጉና ተናገሩ። አጥንቱን በምትቈጥሩበትም ጊዜ አጥንቱ የሰው መሆኑን አትርሱ።