ካውያ ሲነካው

ታጥቦ ንጹሕ የመሰለ ሸሚዝ ካውያ ሲነካው የብብቱ ሽታ ተመልሶ ይነሣል። ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው ባክቴሪያ ሲያብላላው ነው። በተለይ ፖሊስተር ቅባቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ለቅለቅ ማድረግ አይበቃውም። ሽቶም ይሸፍነዋል እንጂ አያስወጣውም። እኛ ቤት ልብሱን ገልብጠን 1 እጅ አቼቶ በ4 እጅ ቀዝቃዛ ውኃ በርዘን ለ30 ደቂቃ እንዘፈዝፈዋለን፤ ከዚያም በሳሙና አሽተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ወገኖቼ፣ ቂምም እንዲሁ ነው። «ይቅር ተባብለናል» ብለው አብረው የሚያመልኩ ባልና ሚስት አንዲት ቃል ሞቅ ስታደርጋቸው የዓመታት ቅሬታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፈገግታ ሸፍኖት ነበር እንጂ አልታጠበም።

ዳዊት በመዝሙር 51 እግዚአብሔር እንዲያጥበው ሲለምን የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ግስ ለልብስ አጠባ የሚውል ነው፤ ለገላ የሚነገረው ሌላ ነው። የለመነው ላይ ላዩን መለቅለቅ ሳይሆን እስከ ክሩ የሚደርስ እጥበት ነበር።

ስሙን ስንሰማ ደማችን የሚፈላበት ሰው አለ? ዛሬ ሳንቸኩል፣ ሳንሸፋፍን፣ ያንን ቂም በጌታ ፊት እናውጣው። የክርስቶስ ደም እስከዚያ ድረስ ይደርሳል።

ጌታ ልባችንን ያንጻልን። አሜን።